ከስሜን ወጥተው ከተማ ያቀኑት እቴጌ ጣይቱ



ባለፈው ስብሰባችን የተነሣውን ክርክር ሁላችንም እናስታውሰዋለን። በየወሩ ከእንቁላሉም ከጠላውም እየቆጠብን ያጠራቀምነው ገንዘብ ምን ይሁን በሚለው ላይ ለሁለት ተከፍለን ነበር። ከፊሎቻችን ለየቤታችን እንካፈለውና በግ እንግዛበት፣ የልጆቹን ደብተርና ልብስ እንሸፍንበት አልን። ከፊሎቻችን ደግሞ ከአስፋልቱ ዳር ቦታ ጠይቀን ጥቂት ክፍል ቤት እንሥራበት፣ ፊት ለፊቱን ለሱቅ እናከራየው፣ ከጀርባው ወደ ስሜን ተራሮች ለሚያልፈው እንግዳ ማደሪያ ይሁን አልን። በመካከሉ ከእናቶቻችን አንዷ ተነሥተው ቤት መሥራት የወንድ ጉዳይ ነው፣ የሴት ድርሻ የተሠራውን መያዝ ነው ሲሉ አዳራሹ ጸጥ አለ። ብዙዎቻችን በልባችን እንደዚያው ስለምናስብ የሚመልስ ሰው አልተገኘም።

ሒሳብ ክፍል ያለን ሰዎች ስለ ገንዘቡ አስረዱ ተብለን ነበርና ለመልሱ ቁጥር ብቻ ይዘን መምጣት አልፈለግንም። ስለዚህ በዚህ እትም የእቴጌ ጣይቱ ብጡልን ሕይወት ልንጽፍላችሁ አሰብን። እቴጌን ሁላችንም በዓድዋ እናውቃቸዋለን። ከአገራቸው ወጥተው በሰው አገር ቤት የሠሩ፣ ከተማ ያቀኑ፣ ሆቴል የከፈቱ ሴት መሆናቸውን ግን ብዙ ጊዜ አናነሣውም። ደግሞም የእኛው አገር ሰው ናቸው።

እቴጌ ጣይቱ የተወለዱት በ1843 ዓ.ም. ገደማ እንደሆነ ይነገራል። አባታቸው ራስ ብጡል ኃይለ ማርያም የስሜን መሳፍንት ወገን ሲሆኑ ስሜንንና ትግራይን ያስተዳድሩ የነበሩት የደጃዝማች ውቤ ወንድም ናቸው። ከኮሶዬ ቁልቁል ገደሉን ስናይ በስተ ሰሜን የሚታየን የተራራ ሰንሰለት የእነ ውቤ አገር ነው ማለት ነው። ያ ትልቅ ቤት የፈረሰው ጣይቱ ገና ሕፃን ሳሉ ነው። በ1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባሉት፣ ዛሬ ጃናሞራ በምንለው ወረዳ ደረስጌ ላይ ደጃዝማች ውቤን ድል አደረጓቸው። ውቤ ያሠሯት የደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያንም የአሸናፊያቸው የቴዎድሮስ መንገሻ ሆነች። ውቤ ታስረው ቀሩ፣ ዘመድ አዝማዱም ተበተነ።

ጣይቱ አባታቸውን በልጅነታቸው አጡ። እናታቸው ወደ ጎጃም ስለሄዱ ልጅቱ በደብረ መዊዕ ገዳም ተማሩ። በዚያ ዘመን ሴት ልጅ ፊደል መቁጠሯ ብርቅ ነበር፤ እርሳቸው ግን አማርኛ ማንበብና መጻፍ ብቻ ሳይሆን ግዕዝም ያውቁ ነበር። በገና ይደረድራሉ፣ ሰንጠረዥ ይጫወታሉ። የወደቀ ቤተሰብ ልጅ ርስቱንና ሹመቱን ሊያጣ ይችላል፣ የተማረውን ግን የሚነጥቀው የለም። በኋላ ዘመን ውልና ደብዳቤ ሲመጣባቸው ራሳቸው አንብበው የሚከራከሩት ይህን ስንቅ ይዘው ስለነበር ነው።

የትዳር ነገር አልቀናቸውም ነበር። ከዐፄ ምኒልክ በፊት ከአንድ በላይ ባል አግብተው ፈትተዋል። ከመካከላችን ትዳሯ ስለፈረሰ ዕድሜዬ አለፈ ብላ የተቀመጠች እህት ካለች ይህን ልብ ትበል። ጣይቱ የሸዋውን ንጉሥ ምኒልክን በአንኮበር ሲያገቡ 1875 ዓ.ም. ነበር፤ ዕድሜያቸውም ሠላሳን አልፏል። የምናውቀው ታሪካቸው በሙሉ የተሠራው ከዚያ ወዲህ ነው።

ሸዋ ለእርሳቸው የሰው አገር ነበር። መኳንንቱ እንደ ሰሜን ሰው፣ እንደ ጎንደሬ ያዩዋቸው ነበር። ዘመዶቻቸውን ያስቀድማሉ፣ ንጉሡን ይጫናሉ የሚል ሐሜት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አልተለያቸውም። ከምኒልክ ልጅ አልወለዱም። በዚያን ጊዜ ወንድ ልጅ ያልወለደች የንጉሥ ሚስት እግሯ በድጥ ላይ እንደቆመ ይቆጠር ነበር። እንግዲህ እንግዳ አገር ላይ፣ ያለ ልጅ፣ ከሐሜት ጋር የሚኖር ሰው ሥር የሚሰድበት ነገር ይፈልጋል። ጣይቱ ሥር የሰደዱት በመሬትና በቤት ነው ብንል ያስኬዳል።

ያን ጊዜ የምኒልክ ከተማ እንጦጦ ተራራ ላይ ነበር። ተራራው ለጦር ይመቻል እንጂ ለኑሮ አይሆንም። ብርዱን እኛ ደገኞቹ እናውቀዋለን፤ ነፋሱ አጥንት ይሰብራል፣ ውኃውም ከታች በጀርባ የሚወጣ ነው። ማገዶው ደግሞ በጥቂት ዓመት ተጨፍጭፎ አለቀ። ከተራራው ሥር ግን ፍል ውኃ ነበር። እቴጌ ወደ ፍል ውኃው እየወረዱ ሲሰነብቱ ሜዳው ደስ አላቸው። በ1879 ዓ.ም. ምኒልክ ወደ ሐረር ሲዘምቱ እርሳቸው በዚያ ቤት ማሠራት ጀመሩ፤ ቦታውንም ባዩት አበባ ምክንያት አዲስ አበባ አሉት። መኳንንቱም የእቴጌን ቤት አይተው በየአካባቢው መሥራት ያዙ። አንድ ቤት ሌላውን እየጠራ ሰፈሩ ከተማ ሆነ።

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ይገባናል። ያ ሜዳ ባዶ አልነበረም። ፍንፍኔ የሚሉት ኦሮሞዎች ከብት የሚያሰማሩበት፣ የሚያርሱት አገር ነበር። ለመኳንንቱና ለወታደሩ መሬት ሲታደል ከነባሮቹ ብዙዎቹ ተፈናቅለዋል። ከተማ ሲቀና የሚያተርፍ እንዳለ ሁሉ የሚከስርም አለ። እኛም ቦታ ስንጠይቅ በዚያ ቦታ ላይ ማን ያርስ እንደነበር፣ ማን ከብቱን ያሰማራ እንደነበር ሳንጠይቅ ማለፍ የለብንም።

መሬቱ የታደለው በሰፈር በሰፈር ነበር። አንድ መኮንን ሰፊ ቦታ ይሰጠዋል፤ እርሱ በመካከል ይሠራል፣ ወታደሩና አገልጋዩ በዙሪያው ይሰፍራል። አዲስ አበባ ላይ እስከ ዛሬ ራስ መኮንን፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ እየተባለ የሚጠራው ሰፈር የዚያ ዘመን ትዝታ ነው። ሠራተኛ ሰፈር የሚባለውም የቤተ መንግሥቱ የእጅ ባለሙያዎች የሰፈሩበት ነው። ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ሸማኔው ከሌለ ከተማ የለም። ከውጭ የመጡትም ብዙ ናቸው። ስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ውኃ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥቱ አወረደ። አርመኖች፣ ግሪኮችና ሕንዶች በግንበኝነት፣ በአናጢነትና በንግድ ገቡ። ከተማዋን ያቀኗት ከሌላ አገር የመጡ ሰዎች ናቸው፤ እቴጌዋ ራሳቸውም ከሌላ አገር የመጡ ነበሩ።

ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ሲነግሡ ጣይቱም እቴጌ ተብለው ዘውድ ጫኑ። ያ ዘመን ክፉ ቀን የምንለው ረኃብ አገሩን የመታበት ነው። ከብቱ በበሽታ አልቆ የሚያርስ በሬ ጠፍቶ ነበር። ከዚያ ወዲያ የውጫሌ ውል ጠብ መጣ፤ በ1888 ዓ.ም. ዘመቻው ሆነ። መቀሌ ላይ በምሽግ የገባውን የጣልያን ጦር ውኃውን ይዞ ማስጨነቅ የእቴጌ ምክር እንደነበር ይታወቃል። ዓድዋን በዚህ ጽሑፍ አንዘረዝረውም። ከድሉ በኋላ የውጭ መንግሥታት መልእክተኞቻቸውን ወደ አዲስ አበባ ስለላኩ ከተማዋ በአንድ ጊዜ እንግዳ የሚበዛባት ሆነች የሚለውን ግን ያዙልን፤ ወደ ሆቴሉ የሚያደርሰን እርሱ ነው።

ከዚያ በፊት ግን ከተማዋ ልትፈርስ ተቃርባ ነበር። ማገዶ እንደ እንጦጦው ሁሉ እዚህም አለቀ። ምኒልክ በስተ ምዕራብ አዲስ ዓለም ላይ ሌላ ከተማ ማሠራት ጀመሩ። እንደ ድሮው ልማድ ንጉሡ ድንኳኑን ነቅሎ ቢሄድ የተሠራው ቤት ሁሉ ባዶ ይቀር ነበር። ከተማዋን ያዳናት ባሕር ዛፍ ነው። በ1880ዎቹ መጨረሻ ከውጭ የመጣው ይህ ዛፍ በጥቂት ዓመት ለማገዶም ለቤት መሥሪያም ስለደረሰ መነቀሉ ቀረ። አዲስ ዓለምም ከተማ መሆኗ ቀርቶ በቤተ ክርስቲያኗ ታወቀች። በጓሯችን ባሕር ዛፍ ተክለን አጣና የምንሸጥ ሁላችን፣ አንድ ዛፍ አንድ ከተማ እንዳዳነ ማወቃችን አይከፋም።

ሰው የማይነቀል መሆኑን ሲያምን ቤት በድንጋይ መሥራት ይጀምራል። በ1900 ዓ.ም. ገደማ ምኒልክ በአዲስ አበባ መሬት በግል ለመያዝ፣ ለመሸጥና ለመግዛት የሚያስችል ደንብ አወጡ። እስከዚያ ድረስ መሬቱ በንጉሡ ፈቃድ የሚሰጥ፣ በፈቃዳቸውም የሚወሰድ ነበር። ከደንቡ በኋላ ግን ቦታ በወረቀት የሚታወቅ፣ ዋጋ ያለው ንብረት እየሆነ ሄደ። እኛ የሒሳብ ሰዎች ይህን ከዘመኑ ታላላቅ ነገሮች እንደ አንዱ እናየዋለን። ወረቀት የሌለው ቤት ጣሪያ እንጂ ሀብት አይደለም።

እቴጌ ጣይቱ ሆቴላቸውን ያሠሩት በዚሁ ሰሞን፣ በ1898 ዓ.ም. ገደማ ነው። ቦታው ዛሬ ፒያሳ ከምንለው ከአራዳ ገበያ አጠገብ ነው። እንግዳ የሚመጣው ለንግድና ለመንግሥት ጉዳይ ስለሆነ ከገበያውም ከቤተ ክርስቲያኑም ሳይርቅ መሆኑ በደንብ የታሰበበት ነው። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ወደ አዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ወይ ድንኳን ይተክላል፣ ወይ ከሰው ቤት ይጠጋል። እቴጌ ሆቴል የአገራችን የመጀመሪያው ሆቴል ሆነ።

ሕንፃው ሲያልቅ ግን ሌላ ችግር መጣ። ምግብን በገንዘብ መሸጥ በአገራችን ነውር ነበር። እንግዳ ይበላል እንጂ ይከፍላል እንዴ? ጨዋ ሰው ገብቶ ለመብላት አፈረ። እንደሚተረከው ምኒልክ ራሳቸው ሹማምንቱን ይዘው ሄደው በልተው፣ ሒሳቡን ከፍለው አሳዩ። እቴጌ ጣይቱ ለሺህ ሰው ግብር የሚያበሉ፣ ጓዳቸው የማይነጥፍ ሴት ነበሩ፤ በነጻ ማብላትን ከእርሳቸው በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ግን ግብር ሌላ ነው፣ ንግድ ሌላ ነው ብለው ለዩ። በማኅበራችን የሻይ ቤት ሙከራ ጊዜ ዘመድና ጎረቤት እየበላ፣ እኛም እንዴት ክፈሉ እንበል ብለን እያፈርን በሦስት ወር መዝጋታችንን አስታውሱ። መዝገቡ አሁንም በእጃችን ነው፤ የከሰርነው በዱቤና በይሉኝታ ነበር።

ከሆቴሉ ሌላ እቴጌ በሌላም በኩል ሠርተዋል። በ1898 ዓ.ም. የአቢሲኒያ ባንክ በውጭ ሰዎች ገንዘብ ሲከፈት፣ ብድሩ ለአገሬው ሰው እንዳልደረሰ አዩ። ከጥቂት ዓመት በኋላ እርሻንና ንግድን የሚያበረታታ፣ በኢትዮጵያውያን ገንዘብ ብቻ በአክሲዮን የተቋቋመ ማኅበር እንዲመሠረት አደረጉ። በኢየሩሳሌምም ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት መተዳደሪያ የሚሆን ቤት አሠርተዋል። ምጽዋት ሲሰጡ እህል ብቻ አልሰጡም፤ ኪራይ የሚያስገባ ቤት ሰጡ። እህሉ በዓመት ያልቃል፣ ኪራዩ ግን በየዓመቱ ይመለሳል። ወዳጆቻችን ለጋሾችም ይህን ብታስቡበት ደስ ይለናል።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን ያሳዝናል። ምኒልክ በበሽታ እየደከሙ ሲሄዱ መንግሥቱ በእቴጌ እጅ ገባ። ሹመት ሰጡ፣ ሻሩ፣ ዳኙ። የሸዋ መኳንንት ግን ሥልጣኑ ወደ ጎንደርና ወደ የጁ ሰዎች ሊያልፍ ነው ብለው ፈሩ። በመጋቢት 1902 ዓ.ም. ተሰብስበው ከመንግሥት ሥራ እጃቸውን እንዲያወጡ፣ ባላቸውን እንዲያስታምሙ ብቻ ወሰኑባቸው። በሃያ ሰባት ዓመት የሠሩት ሥልጣን በአንድ ቀን ተወሰደ። ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ እቴጌ ወደ እንጦጦ ወጥተው በማርያም ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ተቀመጡ። ትተውት ወደ ሜዳው የወረዱበት ያ ቀዝቃዛ ተራራ የእርጅና ማረፊያቸው ሆነ። ከዚያ ላይ ሆነው ያቀኗትን ከተማ ቁልቁል ያዩ ነበር።

ልጅ ኢያሱ ተሽረው የምኒልክ ልጅ ንግሥት ዘውዲቱ ከነገሡ በኋላ፣ በ1910 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ጣይቱ አንድ ነገር ለመኑ። ወደ ጎንደር ሄጄ በአገሬ ልሙት አሉ። አልተፈቀደላቸውም። ከጥቂት ወራት በኋላ የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. በእንጦጦ አረፉ። አጽማቸው በኋላ ወርዶ በበዓታ ለማርያም ከባላቸው አጠገብ ዐርፏል። ይህን ለእናቶቻችን ስናነብላቸው ጥቂቶቹ አለቀሱ። በሰው አገር ሠላሳ አምስት ዓመት የኖረች ሴት፣ ከተማ ሠርታ ለራሷ የአገሯን አፈር አጣች ብለው ነው።

ሆቴሉ ግን ቆሟል። ነገሥታት አለፉ፣ ጣልያን መጥቶ ሄደ፣ ደርግ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ወረሰ፣ በጥር 2007 ዓ.ም. ደግሞ እሳት ተነሥቶ ከፊሉን ጎዳው። እኛ ለሥልጠና አዲስ አበባ ሄደን ሳለ ገብተን ሻይ ጠጥተንበታል፤ የእንጨቱ ወለል ከእግራችን ሥር ይንቋቋ ነበር። የሻዩን ሒሳብ ስንከፍል እነዚያ ለመክፈል ያፈሩት መኳንንት ትዝ ብለውን ሳቅን።

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ እንመለስ። ከዚህ ሕይወት ሦስት ነገር ለስብሰባው እናቀርባለን። አንደኛ፣ ሴት ቤት አትሠራም የሚለው ነገር የእናቶቻችን ታሪክ አይደለም፤ የአገሪቱን ዋና ከተማ ያስጀመረው የአንዲት የስሜን ልጅ ቤት ነው። ሁለተኛ፣ ጣይቱ ሥልጣናቸውን ያጡት በባላቸው በኩል የመጣ ስለነበር ነው፤ ባል ሲታመም አብሮ ወደቀ። ስለዚህ ቤቱን ከሠራን የይዞታው ወረቀት በማኅበሩ ስም ይሁን፣ በማንም ባል፣ በማንም ወንድም፣ በሊቀ መንበሯም ስም አይሁን። ከአባሎቻችን አንዷ ከባሏ ጋር የገነባችውን ቤት ስሟ በወረቀቱ ላይ ስላልነበረ ብቻ ከሞተ በኋላ እንዴት እንዳጣችው ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በእርሻ መሬት ደብተራችን ላይ የሁለታችንም ፎቶ አለ፤ በቤቱም እንደዚያው ይሁን። ሦስተኛ፣ የሚበላና የሚከፍል እንግዳ ይለይ። ዘመድ ሲመጣ በየቤታችን እናስተናግደው፤ በማኅበሩ ቤት ግን ሁሉም ይክፈል፣ እኛም ጭምር።

አደጋ የለውም ብለን አናታልላችሁም። መንገዱ ሲዘጋና እንግዳ ሲጠፋ አይተናል። ፊት ለፊቱን ለሱቅ እናከራይ የምንለውም ለዚህ ነው፤ ቱሪስቱ ቢቀር ጨውና ዘይት የሚገዛው ጎረቤት አይቀርም። ገንዘቡንም በሙሉ አናፍስስ። ግማሹ ለችግር ቀን በባንክ ይቆይ፣ በግማሹ አንድ ክፍል እንጀምር። ፒያሳ ያለውም ሆቴል ሲጀመር አንድ ሕንፃ ነበር፣ አዲስ አበባም ሲጀመር አንድ ቤት ነበረች።

የግምት ሒሳቡን በሁለት ገጽ አዘጋጅተን በጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይ እንለጥፋለን። ማንበብ የማትችሉ እናቶች ቅዳሜ ከገበያ መልስ ጎራ በሉ፣ እናነብላችኋለን። ድምፅ የሚሰጠው በሚቀጥለው ስብሰባ ነው። ያቺ የተናገሩት እናታችንም እንዲመጡ አደራ፤ ያለ እርሳቸው አንወስንም።

ቸር ያገናኘን።